«ተጣራሁ» ያለው ድምፅ፦ አንዲ ፓላሲዮና የጋሪፉና ሙዚቃ

በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተፋፋመበት በ1980 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከውቅያኖስ ማዶ በምትገኘው በኒካራጓም ተመሳሳይ ዘመቻ ይካሄድ ነበር። ሳንዲኒስታዎች ሥልጣን በያዙ በዓመቱ፣ ፊደል ያልቆጠረውን ሕዝብ ለማስተማር ብዙ ሺህ ወጣቶችን ወደ ገጠር አዘመቱ። ከጎረቤት አገሮችም ፈቃደኞች መጡ። የኒካራጓ የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ከስፓኝኛ ይልቅ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ የተወለደውን ክሪዮል ስለሚናገሩ፣ በተለይ ከቤሊዝ የመጡት ፈቃደኞች ለዚያ አካባቢ ተፈላጊዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሃያኛ ዓመቱን ገና ያልደፈነ አንዲ ፓላሲዮ የተባለ ወጣት ነበር።

ፓላሲዮ በዚያ የባሕር ዳርቻ የእርሱ ወገን የሆኑ የጋሪፉና ተወላጆች የሚኖሩባቸውን መንደሮች አገኘ። መልካቸው እንደ እርሱ ነው፤ የዘር ሐረጋቸውም ከእርሱ ጋር አንድ ነው። ቋንቋቸው ግን ከአንደበታቸው ጠፍቷል። ጋሪፉናን የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ከእነዚህ አዛውንቶች አንዱን በቋንቋቸው ሰላም አላቸው። አዛውንቱ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው፤ የሚሰሙት እውነት መሆኑን ጠየቁት። እርሱም «አጎቴ» ብሎ በአክብሮት እየጠራ፣ እንደ እርሳቸው ጋሪፉና መሆኑን አረጋገጠላቸው። አዛውንቱ ወጣቱን እቅፍ አድርገው ያዙት፤ ሊለቁትም አልፈለጉም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ያንን ቋንቋ ይናገራል ብለው አስበው አያውቁም፤ ቋንቋው ከእርሳቸው ጋር መቃብር የሚወርድ ይመስላቸው ነበር።

ፓላሲዮ ይህን ታሪክ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ለጠየቁት ጋዜጠኞች ሁሉ ደጋግሞ ይተርክ ነበር። በእኚያ አዛውንት ፊት ላይ ያየው የኒካራጓን ትናንት ብቻ ሳይሆን የራሱን መንደር ነገም ጭምር ነበርና። ከዚያች ቀን በኋላ የኖረባቸው ሃያ ሰባት ዓመታት ለዚያ እቅፍ የሰጡት መልስ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዩሩሜይን የተሰደደ ሕዝብ

ጋሪፉናዎች ታሪካቸውን የሚጀምሩት «ዩሩሜይን» ብለው ከሚጠሯት፣ ዛሬ ሴንት ቪንሰንት ከምትባለው የካሪቢያን ደሴት ነው። በሕዝቡ ዘንድ የሚነገረው ትውፊት እንደሚለው፣ በ1635 አካባቢ አፍሪካውያን ምርኮኞችን ጭነው ወደ ባርነት ገበያ ይጓዙ የነበሩ መርከቦች በደሴቲቱ አቅራቢያ ተሰበሩ፤ ከባሕሩ የተረፉት አፍሪካውያንም ወደ የብስ ወጡ። በኋላም እንደ ባርቤዶስ ካሉ ደሴቶች ከሸንኮራ አገዳ እርሻ ያመለጡ ሌሎች ተቀላቀሏቸው። እነዚህ ሰዎች ከነባሮቹ የካሪብና የአራዋክ ሕዝቦች ጋር ተጋቡ፤ ቋንቋቸውን፣ የካሳቫ ቂጣ አዘገጃጀታቸውንና የዓሣ ማጥመድ ዘዴያቸውን ወረሱ። ከአፍሪካ ይዘውት የመጡት የከበሮ ምት፣ የቀደሙ አባቶችን መንፈስ የማክበር ልማድና የጭፈራ ሥርዓትም ከዚሁ ጋር ተዋሐደ። በዚህ ሁኔታ ከሁለት አህጉሮች ደም አንድ አዲስ ሕዝብ ተወለደ።

ቋንቋው ራሱ የዚህ ታሪክ መዝገብ ነው። መሠረቱ የአራዋክ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን በመልካቸው አፍሪካውያን ናቸው። በውስጡ የካሪብ ቃላት አሉ፤ ወንዶችና ሴቶች ለአንድ ነገር የተለያየ ቃል የሚጠቀሙበት ጊዜም አለ። ከደሴቲቱ ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች ጋር የነበረው ጉርብትና ደግሞ በቁጥሮቹ ላይ አሻራውን ጥሏል፤ ከሦስት በላይ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ከፈረንሳይኛ የተወሰዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ስፓኝኛና እንግሊዝኛ ተጨመሩበት። አንድ ጋሪፉና አፉን ሲከፍት አያቶቹ የተሻገሩትን ባሕርና የኖሩበትን ጉርብትና ሁሉ ሳያውቀው ይናገራል።

በ1763 በፓሪሱ ውል ሴንት ቪንሰንት በእንግሊዝ እጅ ገባች። እንግሊዛውያን ደሴቲቱን የፈለጓት ለሸንኮራ አገዳ ነበር፤ ለሙ መሬት ግን በጋሪፉናዎች እጅ ነበረ። ከ1769 እስከ 1773 የተካሄደው የመጀመሪያው ጦርነት በውል ተቋጨ። ሁለተኛው በ1795 ሲቀሰቀስ ግን ፍጻሜው መራራ ሆነ። የሕዝቡ መሪ ጆሴፍ ቻቶየር፣ በቋንቋቸው ሳቱዬ፣ መጋቢት 14 ቀን 1795 ተገደለ። በቀጣዩ ዓመት የጦርነቱ ዕጣ ሲለይ እንግሊዛውያን ከአራት ሺህ የሚበልጡ ጋሪፉናዎችን ይዘው ባሊሶ በተባለች ትንሽና ደረቅ ደሴት ላይ አጎሯቸው። በዚያም በወራት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በበሽታ አለቁ። የቀሩትን ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች በመርከብ ጭነው፣ በ1797 ሚያዝያ ወር ከሆንዱራስ ዳርቻ ራቅ ብላ በምትገኘው በሮአታን ደሴት ላይ አራገፏቸው።

ከሮአታን ወደ የብስ የተሻገሩት ጋሪፉናዎች በትሩሂዮ በኩል በሆንዱራስ፣ በጓቲማላ፣ በኒካራጓና በቤሊዝ የባሕር ዳርቻዎች ተበተኑ። ቤሊዝ እስከ 1973 ድረስ የብሪታኒያ ሆንዱራስ በመባል የምትታወቅ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1832 ኅዳር 19 ቀን ብዙ ቤተሰቦች በታንኳ ወደዚያች ምድር መድረሳቸው እስካሁን በየዓመቱ ይዘከራል። በዓሉ እንዲከበር በ1941 ያስጀመረው ቶማስ ቪንሰንት ራሞስ ሲሆን፣ ከ1977 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የሚከበር ሕዝባዊ በዓል ሆኗል። ጋሪፉናዎች ግን በቤሊዝ ሕዝብ መካከል ጥቂቶች ናቸው፤ በ2010 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ነበሩ።

የባራንኮ ልጅ

አንዲ ቪቪየን ፓላሲዮ ታኅሣሥ 2 ቀን 1960 በባራንኮ ተወለደ። ባራንኮ በቤሊዝ ደቡባዊ ጫፍ፣ በባሕር ዳር ያለች የአጥማጆችና የገበሬዎች ትንሽ መንደር ናት። በልጅነቱ የመንደሩ ከበሮ በየአጋጣሚው ይሰማ ነበር። ጋሪፉናዎች ሁለት ዓይነት ከበሮ በአንድነት ይመታሉ፤ ትልቁ ምቱን ሳያዛንፍ ይዞ ይሄዳል፤ ትንሹ በላዩ ላይ ይጫወታል፣ ጨፋሪውንም ይከተላል። ከበሮዎቹ ከጠንካራ እንጨት ተፈልፍለው ቆዳ ይለበጣሉ፤ በቆዳው ላይ የሚወጠሩት ክሮች ምቱን ያንዛዝሩታል። ሰው ሲሞት ለቅሶው በሚፈጸምበት ሌሊት «ፑንታ» ይጨፈራል። የቀደሙ አባቶችን ለመማጸን ዘመድ አዝማድ ከሩቅ አገር ሳይቀር የሚሰበሰብበት «ዱጉ» የተባለው ሥርዓትም በከበሮ የሚመራ ነው።

ነገር ግን በባራንኮ ራዲዮም ነበረ። ከሆንዱራስ፣ ከጃማይካ፣ ከኩባና ከዩናይትድ ስቴትስ የሚመጣው ሙዚቃ በየቤቱ ይሰማል። ወጣቱ ፓላሲዮ ትምህርት ቤት ሳለ በተቀላቀለባቸው የሙዚቃ ቡድኖች ውስጥ የሚጫወተው በአብዛኛው ይህንኑ የሰው አገር ዘፈን ነበር። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የመንገዱ ቋንቋ ክሪዮል ነው። ጋሪፉና የቤትና የአያቶች ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር መታዘብ ይቻላል፦ በቤሊዝ ገጠር እንግሊዝኛን ለብዙ ትውልድ ሲያስተምሩ ከኖሩት መምህራን መካከል ጋሪፉናዎች ብዙ ነበሩ። የሌላውን ሕዝብ ልጆች ፊደል ያስቆጠረው ይህ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አልነበረውም። ፓላሲዮም እንደ ብዙዎቹ ወገኖቹ የሥራ ሕይወቱን የጀመረው በመምህርነት ነው።

የፑንታ ሮክ ዘመን

ፓላሲዮ ከኒካራጓ ሲመለስ አገሩ በለውጥ ዋዜማ ላይ ነበረች። ቤሊዝ መስከረም 21 ቀን 1981 ነጻነቷን አወጀች። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የጋሪፉና ምክር ቤት ተመሠረተ። በዳንግሪጋ ከተማ ደግሞ ሠዓሊና ሙዚቀኛ የሆነው ፔን ካየታኖ የፑንታን ምት ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋሕዶ፣ የኤሊ ድንጋይም እንደ ከበሮ እያስመታ፣ «ፑንታ ሮክ» የተባለውን አዲስ ስልት አስጀምሮ ነበር። ስልቱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። የአያቶቹን ዘፈን ያፍርበት የነበረው ወጣት አሁን በዚያው ምት ይጨፍር ጀመር። ከኒካራጓ ያንን ሐሳብ ይዞ የተመለሰው ፓላሲዮ መንገዱ የተከፈተለት መሰለው፤ ወጣቱ ቋንቋውን እንዲወድ ከተፈለገ በመጀመሪያ መስማት ያለበት በሚወደው ምት ነው።

በ1987 በኅብረተሰብ ኪነ ጥበብ ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ወደ እንግሊዝ ጋበዘው። በዚያ የቀረጻ ሙያ ተምሮ፣ በአራት መስመር ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ይዞ ተመለሰ። ለትልልቆቹ አገሮች ይህ ተራ ዕቃ ነው። ሙዚቀኞቿ ድምፃቸውን የሚያስቀርጹበት ቦታ ለሌላት ለቤሊዝ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ፓላሲዮ ከባልደረቦቹ ጋር «ሰንራይዝ» የተባለ፣ የአገሪቱን ሙዚቃ የሚቀርጽ፣ የሚያስቀምጥና የሚያሠራጭ ድርጅት አቋቋመ። «ቢኪኒ ፓንቲ» የተባለችው ተጫዋች ዘፈኑ በየጭፈራ ቤቱ ተወዳጅ ሆነች፤ ፓላሲዮም በአገሩ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ሆነ።

ይሁንና ድሉ ውስጡ ጉድለት ነበረው። ፑንታ ሮክ እየፈጠነ ሄደ፤ የከበሮውን ቦታ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ወሰደበት፤ ለጭፈራ ብቻ በሚፈለግ ዘፈን ውስጥ ደግሞ ብዙ ቃል አያስፈልግም። የቀድሞዎቹ የጋሪፉና ዘፈኖች ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ ባሕር አደጋ፣ ስለ ሞተ ወንድም የሚተርኩ ነበሩ። አዲሱ ትውልድ ምቱን ወረሰ፤ ትረካውን ግን ወደ ኋላ ተወው። ሰው በቋንቋው እየጨፈረ ቋንቋውን ሊረሳ እንደሚችል ፓላሲዮ የተረዳው በዝናው መካከል ሆኖ ነው።

ወደ አዛውንቶቹ ደጅ

በ1995 ኢቫን ዱራን የተባለ ወጣት በጓቲማላ ድንበር አጠገብ ባለችው በቤንኬ ቪዬሆ ዴል ካርመን ከተማ «ስቶንትሪ» የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት መሠረተ። ዱራን ጋሪፉና አይደለም፤ ወላጆቹ ከስፔን የመጡ ሲሆኑ እርሱ ያደገው በቤሊዝ ነው፤ ጊታር የተማረው ደግሞ በኩባ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ የፓላሲዮ «ኬይሙን» የተባለው አልበም ነበር። በ1997 «ቲል ዳ ማውኒን» ተከተለ። የሁለቱ ወዳጅነት ከዚህ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

ዱራን የሚከራከረው በአንድ ነጥብ ላይ ነበር፦ የጋሪፉና ሙዚቃ ፑንታ ሮክ ብቻ አይደለም። «ፓራንዳ» የተባለ ቀስ ያለ፣ በተራ ጊታር የሚታጀብ፣ ብቸኝነትንና ናፍቆትን የሚያንጎራጉር ስልት በየመንደሩ በሽማግሌዎች እጅ ላይ ቀርቶ ነበር። ጊታሩን ጋሪፉናዎች ያገኙት ከስፓኝኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸው ነው፤ ምቱና ግጥሙ ግን የራሳቸው ነው። ዱራን በ1990ዎቹ መጨረሻ በቤሊዝ፣ በሆንዱራስና በጓቲማላ እየዞረ እነዚህን ሽማግሌዎች ቀረጸ። ሥራውም «ፓራንዳ» በሚል ስም ታተመ።

ከእነዚህ መካከል የፑንታ ጎርዳው ፖል ናቦር ይገኙ ነበር። ናቦር በ1928 የተወለዱ፣ በዓሣ አጥማጅነት የኖሩ፣ በአባቶች መንፈስ ሥርዓትም አገልጋይ የነበሩ ሰው ናቸው። በሞት አፋፍ ላይ ስለነበረች እኅታቸው የደረሱት «ናጉያ ኔይ» የተባለ ዘፈን በጋሪፉናዎች ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው ሆኗል። ከናቦር ጎን የቆመው ደግሞ ከእርሳቸው በአርባ ዓመት የሚያንሰው ሆንዱራሳዊው አውሬሊዮ ማርቲኔስ ነበር። ሽማግሌውና ወጣቱ በአንድ አልበም ውስጥ መገናኘታቸው ለፓላሲዮ ትምህርት ሆነ። ኒካራጓ ውስጥ ያቀፉት አዛውንት የጠበቁት የጭፈራ ዘፋኝ ሳይሆን ተቀባይ ነበር። ተቀባይ ለመሆን ደግሞ ቀስ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

በዚህ መካከል የዓለም ጆሮም መቃናት ጀመረ። ዩኔስኮ በግንቦት 2001 የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራዎች ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰየማቸው 19 ቅርሶች አንዱ የጋሪፉና ቋንቋ፣ ጭፈራና ሙዚቃ ነበር። በ2004 ደግሞ የቤሊዝ መንግሥት ፓላሲዮን የአገሪቱ የባህል አምባሳደርና የብሔራዊ የባህልና የታሪክ ተቋም ምክትል አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመው።

«ዋቲና»

በ2006 ፓላሲዮና ዱራን ከቤሊዝ፣ ከሆንዱራስና ከጓቲማላ የመጡ የጋሪፉና ሙዚቀኞችን ሆፕኪንስ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር ሰበሰቡ። የቀረጻው ቦታ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ነበር፤ ሥራውም ለአራት ወራት ያህል ቀጠለ። በዚያ ጎጆ ውስጥ ድንበር አልነበረም፤ ስፓኝኛ ከሚነገርበት አገር የመጣውና እንግሊዝኛ ከሚነገርበት የመጣው የሚግባቡት በአያቶቻቸው ቋንቋ ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ፖል ናቦርም ድምፃቸውን አዋጡ። ከበሮው እንደ ጥንቱ በእጅ ይመታል፤ የኤሊ ድንጋዩ ይንኳኳል፤ ጊታሩ ግን የዘመኑ ነው። ፓላሲዮ የራሱን ስም ብቻ አላወጣም፤ ሥራው በ«አንዲ ፓላሲዮና የጋሪፉና ኅብረት» ስም ወጣ።

አልበሙ በ2007 መጀመሪያ «ዋቲና» በሚል ርእስ ለዓለም ቀረበ። ቃሉ በአማርኛ ሲመለስ «ተጣራሁ» ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ለጭፈራ ከሚፈለገው ፍጥነት ወረድ ያሉ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ ስደት፣ ስለ አንድነት የሚናገሩ ናቸው። ከሁሉም ልብ የሚነካው «አሙኜጉ» የተባለው ነው። ርእሱ «በሚመጣው ዘመን» ማለት ሲሆን፣ ዘፋኙ የነገውን ትውልድ እያሰበ የቋንቋውንና የሥርዓቱን ዕጣ ይጠይቅበታል። በኒካራጓ የተገናኛቸው አዛውንት ስጋት በሃያ ስድስት ዓመቱ ዘፈን ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው የተከተለው ነው። ፓላሲዮ ቶሎ ለመታወቅ በሮጠበት ዘመን ዝናው ከቤሊዝና ከአካባቢዋ ብዙም አልዘለለም። ለራሱ ሕዝብ ብቻ የዘፈነ በሚመስልበት ጊዜ ግን አንድም የጋሪፉና ቃል የማያውቁ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አድማጮች ጆሯቸውን ሰጡት። በጥቅምት 2007 በስፔኗ ሴቪል ከተማ ፓላሲዮና ዱራን የዎሜክስን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። በኅዳር ወር ደግሞ ዩኔስኮ ፓላሲዮን የሰላም አርቲስት ብሎ ሰየመው። ከአንዲት የአጥማጆች መንደር የወጣው መምህር በዓመት ጊዜ ውስጥ የአንድ ሕዝብ አፈ ጉባኤ ሆነ።

ወደ ባራንኮ መመለስ

ክብሩ ግን ዕድሜ አልነበረውም። በጥር 2008 አጋማሽ ፓላሲዮ በድንገት ታመመ፤ የአንጎል ደም መፍሰስና የልብ ሕመም ገጥሞት ነበር። ለሕክምና በአምቡላንስ አውሮፕላን ወደ ቺካጎ ሲወሰድ፣ አውሮፕላኑ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ በአላባማዋ ሞቢል ከተማ ባረፈበት ጊዜ ራሱን ስቶ ስለነበር ጉዞውን መቀጠል አልተቻለም። ሐኪሞቹ ተስፋው የመነመነ መሆኑን ሲናገሩ፣ ቤተሰቡ በአገሩ ምድር ይሞት ዘንድ ወደ ቤሊዝ እንዲመለስ ጠየቀ። ጥር 19 ቀን 2008 በቤሊዝ ሲቲ ዐረፈ። ዕድሜው 47 ነበር። የተቀበረው በተወለደባት በባራንኮ ነው። በዚያው ዓመት የቢቢሲ ሦስተኛው ራዲዮ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ለአሜሪካዎቹ ክፍል አሸናፊነት የመረጠው እርሱንና ኅብረቱን ነበር፤ ሽልማቱን ለመቀበል ግን በሕይወት አልነበረም።

የአንድ ሰው ሞት አንድ ንቅናቄን ሊያፈርስ ይችላል። በዚህ ረገድ የፓላሲዮ ብልኅነት ከሞቱ በኋላ ነው የታየው። ሥራውን በኅብረት ስም ማውጣቱ ኅብረቱ እንዲተርፍ አደረገው። በ2008 ዱራን ለዓመታት ሲያሰባስብ የኖረው የጋሪፉና ሴቶች ዘፈን «ኡማላሊ» በሚል ስም ወጣ፤ ትርጉሙ «ድምፅ» ነው። በማጀትና በእርሻ የሚዘፍኑ፣ ከዚያ በፊት መድረክ ያላዩ ሴቶች ተሰሙ። የጋሪፉና ኅብረትም በ2013 «አዮ»፣ ማለትም «ደኅና ሁን» የተባለ አልበም ለፓላሲዮ መታሰቢያ አቀረበ። አውሬሊዮ ማርቲኔስ የሴኔጋሉን ዩሱ ንዱርን እንደ መምህር ይዞ ዳካር ድረስ ሄደ፤ በ2011 የወጣውን «ላሩ ቤያ» የተባለ አልበሙንም ለፓላሲዮ መታሰቢያ አደረገው። ከአፍሪካ በሰንሰለት የወጣው ምት በሙዚቀኛ እጅ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ጎበኘ።

ዘፈን የሚችለውና የማይችለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ቋንቋው ዳነ ወይ የሚለው ነው። መልሱ ቀላል አይደለም። በቤሊዝ ከተሞች የሚያድገው የጋሪፉና ልጅ አፉን የሚፈታው በአብዛኛው በክሪዮል ነው። በሆንዱራስ ስፓኝኛው ይበረታል፤ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ሎስ አንጀለስ የተሰደዱት ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛን ይመርጣሉ። ዘፈን ቋንቋን ያስወድዳል፤ ያስከብራል፤ የሚያፍርበትን ሰው ቀና ያደርጋል። ልጅን በየዕለቱ «ና ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ተነሥ» ብሎ የሚያናግር ግን ዘፈን አይደለም። ቋንቋ በመድረክ ላይ ይከብራል እንጂ የሚኖረው በማጀት ነው።

ፓላሲዮም ይህን አልሳተውም፤ ዘፈኑ ብቻውን ያድናል ብሎ አልሰበከም። ከእርሱ ጎን ሌሎች በሌላ መንገድ ሠርተዋል። በሮይ ካየታኖ አዘጋጅነት በ1993 የሕዝቡ የጋሪፉና መዝገበ ቃላት ታተመ። በ2007፣ «ዋቲና» በወጣበት ዓመት፣ በዳንግሪጋ ጋሪፉናን ከእንግሊዝኛና ከስፓኝኛ ጋር የሚያስተምር ጉሊሲ የተባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። መምህራንን ለሌሎች ሲያበድር የኖረው ሕዝብ በመጨረሻ ለራሱ ልጆች ክፍል ከፈተ። የዘፈኑ ድርሻ ያ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚደርሰው ልጅ በኩራት እንዲገባ ማድረግ ነበር።

የቀደሙት እየሄዱ ነው። ፖል ናቦር በጥቅምት 2014 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ። አውሬሊዮ ማርቲኔስ መጋቢት 17 ቀን 2025 ከሮአታን በተነሣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲጓዝ፣ አውሮፕላኑ ወዲያው ባሕር ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። በ1797 ሁለት ሺህ ያህል ስደተኛ አያቶቹ ከመርከብ የተራገፉባት፣ የጋሪፉና ሕዝብ በመካከለኛው አሜሪካ ታሪኩን እንደ አዲስ የጀመረባት ደሴት ይህችው ሮአታን ናት። ፓላሲዮ ከአዛውንቶቹ ተቀብሎ፣ አውሬሊዮ ከፓላሲዮ ተቀብሎ የያዘው አደራ አሁን በኅብረቱና ስማቸው ገና ባልታወቀ ወጣቶች እጅ ላይ ነው።

ፓላሲዮ ለታላቁ ሥራው የመረጠው ስም ይህን ሁሉ ይጠቀልላል። የሚጣራ ሰው «አቤት» የሚለው ያስፈልገዋል። በኒካራጓ ዳርቻ አንድ አዛውንት በቋንቋቸው የሚመልስላቸው ወጣት ሳይኖር ዕድሜያቸውን ፈጅተው ነበር፤ አንድ ቀን መጣላቸው። ፓላሲዮ ደግሞ በተራው ተጣራ። ከሴቪል፣ ከለንደንና ከፓሪስ የተሰማው ጭብጨባ ጥሪው መሰማቱን አሳውቋል። እርሱ የጠበቀው መልስ ግን ከዚያ አይመጣም፤ ከባራንኮ፣ ከሆፕኪንስ፣ ከሊቪንግስተንና ከትሩሂዮ ቤቶች፣ እናቷ ስትጠራት በጋሪፉና «አቤት» ከምትል ሕፃን አፍ ነው የሚመጣው።